ለጦር ጉዳተኞች የሙያ ሥልጠና፦ ከኮርሱ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ከተማ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ የጦር ጉዳተኞችን ሥልጠና አስተባብራለሁ። ባለፈው ዙር ሠላሳ ያህል ሰዎች በልብስ ስፌት፣ በሞባይል ጥገናና በዶሮ እርባታ ሦስት ወር ሠልጥነው የምስክር ወረቀትና መነሻ ዕቃ ወስደዋል። አሁን ስናጣራ በሙያው ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ የተሰጣቸውን የስፌት መኪና የሸጡም አሉ። ብዙዎቹ እግራቸውን ያጡ ናቸው፤ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ፣ የጭንቅላት ጉዳት ያለባቸውና እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት የያዛቸውም አሉባቸው። የሚቀጥለው ዙር በጀት ከዚህኛው ብዙም አይበልጥም። ምን እናስተካክል?»

ምላሽ፦

መኪናውን የሸጠውን ሰው «ፍላጎት የለውም» ብለው ፋይሉን አይዝጉት። ሄደው ይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ ከሚያገኟቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው፦ መርገጫውን ቀኑን ሙሉ መርገጥ አልቻለም፤ ወይም የቤት ኪራይ ሲመጣበት ከመኪናው በቀር የሚሸጠው አልነበረውም፤ ወይም በመንደሩ ቀድሞ የተቀመጡ ሦስት ልብስ ሰፊዎች አሉ። ሦስቱም ከሥልጠናው በፊት ሊታወቁ የሚችሉ ነበሩ።

ችግሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው ብለን እናምናለን። ኮሌጁ ያለውን ኮርስ ይዞ ሰው ፈለገለት። መሆን የነበረበት መጀመሪያ የሰውየውን አካልና ጤና ማየት፣ ከዚያ በከተማው ውስጥ በእርግጥ ያለ አንድ የተወሰነ ሥራ መለየት፣ ቀጥሎ ለዚያ ሥራ የጎደለውን ብቻ ማሠልጠን፣ በመጨረሻም አንድ ዓመት አብሮ መቆየት ነው። በጀቱ ባይጨምርም የክፍሉን ጊዜ አሳጥረው ገንዘቡን ወደ ፊተኛውና ወደ ኋለኛው ጫፍ ማዛወር ይችላሉ።

ይህ ጉዳይ ለእንደ እርስዎ ዓይነት ኮሌጆች ከባድ እየሆነ የሚሄድ ነው። የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በመላ አገሪቱ 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ በኅዳር 2017 በትግራይ ሥራ ጀምሯል። ሰው በተሐድሶ ማዕከል የሚቆየው ለቀናት ብቻ ስለሆነ የአካል ጉዳተኛው ረጅም ጉዞ የሚወድቀው በከተማው ኮሌጅ፣ በሆስፒታሉና በቤተሰቡ ላይ ነው። ከ1983 በኋላ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት ሲበተን የታየውም ይኸው ነው፦ መሬት፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ አግኝቶ ወደ ገጠር የተመለሰው ቶሎ ሲቋቋም፣ በከተማ የቀረው ለረጅም ጊዜ ተቸግሯል።

ወደ አካሉ እንምጣ፤ ብዙ ፕሮግራም የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

እግሩ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመለት ማለት ለሥልጠና ደረሰ ማለት አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወራት ቀሪው እግር እብጠቱ እየወረደ፣ ጡንቻው እየሳሳ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ወር ልክ የነበረው ሶኬት፣ ማለትም ቀሪው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ቀፎ፣ በአራተኛው ወር ይሰፋል። ሲሰፋ እግሩ ወደ ታች ይሰጥምና ከጉልበት በታች ያለው አጥንት ጫፍ ሶኬቱን ይመታል፤ ቆዳው ይላጣል፤ ሰውየው እስኪድን ሳምንት ይቀራል። መምህሩ በመቆጣጠሪያው ላይ «ቀሪ» ይላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሰውየው አፍሮ ይተዋል። መድኃኒቱ በቀሪው እግር ላይ ከሶኬቱ በፊት የሚጠለቅ ካልሲ ነው። እግሩ በቀነሰ ቁጥር ካልሲ እየጨመሩ ክፍተቱን መሙላት ይቻላል፤ የካልሲው ውፍረት ተደምሮ አሥር ድርብ (የካልሲ ውፍረት መለኪያ ነው) ካለፈ ግን ሶኬቱ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ቢያንስ ስድስት ካልሲ ይኑረው፤ በየቀኑ ይቀየር፣ በቆላ ከተማ በቀን ሁለት ጊዜ። ማታ ማታ በተራ ሳሙና ታጥቦ፣ ሶኬቱም ውስጡ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ይደር።

ኮርስ ለመጀመር የምንመክረው መለኪያ ቀላል ነው፦ ሰውየው ሰው ሠራሽ እግሩን አጥልቆ ስድስት ሰዓት ያህል ከዋለ በኋላ ሲያወልቀው ቀይ ምልክቱ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል ወይ? የማይጠፋ ከሆነ ወይም ከተላጠ መሄድ ያለበት ወደ ሰው ሠራሽ አካል ማዕከል ነው። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ አሰላና አርባ ምንጭ ላይ ማዕከላት አሉ። ለእርስዎ ከሚቀርበው ጋር አስቀድመው ይጻጻፉ፤ በሥልጠናው የጊዜ ሰሌዳ ላይም በወር አንድ «የጥገና ቀን» ያስገቡ። በዚያ ቀን የሚቀር ሠልጣኝ ቀሪ አይባል፤ የመጓጓዣውም ይከፈለው።

መቀመጥም ይጎዳል። ጉልበቱንና ዳሌውን አጥፎ ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ የሚውል ሰው መገጣጠሚያው በዚያው ታጥፎ ይደርቃል፤ የታጠፈ ጉልበት ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር አይቀበልም። ከጉልበት በታች ለተቆረጠ ሰው ከወንበሩ ፊት የሚወጣ ጠፍጣፋ ጣውላ ቸንክሩለት፤ እግሩን ሲያወልቅ ቀሪውን እግር ዘርግቶ ያሳርፍበታል። ከጉልበት በላይ ለተቆረጠው በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ በሆዱ የሚተኛበት ምንጣፍና ጥግ ያስፈልገዋል። ይህ ከሁለት መቶ ገጽ መመሪያ ይልቅ ይጠቅማል።

ድካሙንም አስቡት። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከጤነኛው በአንድ አራተኛ ያህል የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ ከጉልበት በላይ የተቆረጠው ከግማሽ በላይ። ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሩ መጥቶ ክፍል የገባ ሠልጣኝ ግማሹን ጉልበቱን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚቀመጠው። የመጓጓዣ ገንዘብ የሥልጠናው አንድ አካል ተደርጎ በበጀቱ ውስጥ ይግባ።

የጀርባ አጥንት ጉዳት ያለባቸው ላይ ትልቁ ጠላት የግፊት ቁስል ነው። ስለማይሰማቸው ቁስሉን የሚያውቁት ከገማ በኋላ ነው፤ አንድ ጥልቅ ቁስል ወራት አልጋ ላይ ያስተኛል፣ ሕይወትም ያጠፋል። በየሃያ ደቂቃው በክንዳቸው ተደግፈው መቀመጫቸውን ማንሳት ወይም ወደ ጎንና ወደ ፊት አዘንብለው አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት አለባቸው፤ መምህሩ በክፍሉ ደወል አድርጎ ሁሉንም ያንቀሳቅስ። ዊልቸሩ የስፖንጅ ትራስ ይኑረው። ጠዋትና ማታ በትንሽ መስታወት መቀመጫቸውን እንዲያዩ ይለማመዱ። ሌላው ስውር ችግር ሽንት ቤት ነው። በሩ ካላስገባቸው ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፤ ውኃ ሲያንስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይከተላል፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ መቅረት። የበሩ ወርድ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት 1.5 በ1.5 ሜትር ቦታ፣ የግድግዳ መያዣ ብረት ይኑረው። ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ሲሠሩ ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይስጡት፦ 15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ 1.80 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል። ግንበኞች ቦታ ለመቆጠብ አሳጥረው ቀጥ ያደርጉታል፤ እንዲህ ያለው ራምፕ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋልና አይቀበሉት። የሥራ ጠረጴዛው ከሥሩ ለጉልበት 70 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው።

ፍንዳታ ያገኘው ሰው ጆሮውም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መምህሩ «አይታዘዝም» የሚለው ሠልጣኝ ምናልባት አይሰማም። ከጀርባው በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው አንዱን ጆሮ እንዲሸፍን አድርገው ሦስት ቁጥር በሹክሹክታ ይናገሩ፤ ይድገምልዎ። ካልቻለ ወደ ጆሮ ሐኪም ይላኩት፣ ክፍል ውስጥም ፊት ያስቀምጡት።

ጭንቅላቱ በጥይት ወይም በፍንጣሪ የተበሳ ሰው የሚጥል ሕመም ሊከተለው ስለሚችል፣ ዓመታት ቆይቶም ቢሆን፣ ምዝገባ ላይ ራሱንም ቤተሰቡንም ይጠይቁ። የሚጥለው ከሆነ መሰላል፣ መጋዝ፣ ግራይንደር፣ ክፍት እሳትና መንዳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ይቅሩ። የማስታወስ ችግር ላለበት ትምህርቱን ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቆራርጠው ይስጡ፤ በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ፤ እያንዳንዱ እርምጃ በፎቶ ወይም በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ስለ አእምሮ ጭንቀት ብዙ ቦታ የሚባለው «መጀመሪያ ይዳን፣ ከዚያ ይሥራ» ነው። ማስረጃው ሌላ ይላል። የአሜሪካ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ12 የሕክምና ማዕከላት በጦርነት ወይም በሌላ አደጋ ምክንያት ጭንቀት የያዛቸውን 541 ሰዎች ለአሥራ ስምንት ወራት ተከታትሏል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ግማሾቹ በጊዜያዊ የመለማመጃ ሥራ ጀመሩ፤ ሌሎቹ አንድ የሥራ አገናኝ ተመድቦላቸው በቀጥታ በመደበኛ ሥራ ላይ ገቡ፣ ሕክምናቸውም ጎን ለጎን ቀጠለ። ከጊዜው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ በመደበኛ ሥራ ላይ የቆዩት ከመጀመሪያዎቹ 23 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 39 በመቶ ያህል ነበሩ። አገሩና የሥራ ገበያው ቢለያይም ሐሳቡ ለእኛም ይሠራል፦ ሰውየውን ዝግጁ እስኪሆን አያስጠብቁት፤ ሥራው ላይ አድርገው እዚያው ይደግፉት። ግራይንደርና ጄኔሬተር በድንገት በሚነሳበት ክፍል አያስቀምጡት፤ በሩን ማየት የሚችልበት፣ ጀርባው ወደ ግድግዳ የሆነ ቦታ ይስጡት፤ ስለ እንቅልፉና ስለ መጠጡ በግል ይጠይቁት። ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አብረውት ይሂዱ።

አሁን ወደ ሙያው። ኮርስ ከመክፈትዎ በፊት ሠልጣኞቹ ቀድሞ ምን ይሠሩ እንደነበር ይጻፉ። ሠራዊት ውስጥ ሹፌር፣ መካኒክ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ነርስ፣ ወጥ ቤት፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። አሥር ዓመት ግምጃ ቤት ያስተዳደረን ሰው ስፌት ማስጀመር ብክነት ነው። የሙያ ብቃት ምዘናው ክህሎቱን የትም ያገኘ ሰው ሊፈተነው የሚችል ስለሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚያስፈልገው ሁለት ሳምንት ማዘጋጃ፣ የኮምፒውተር መሠረታዊ ትምህርትና ይኸው የብቃት ምዘና፣ የሲኦሲ ፈተና፣ ነው። ረጅም ኮርስ ሳይወስዱ የሚያልፉ ይኖራሉ።

ሦስቱን ኮርሶችዎን አንድ በአንድ እንይ።

ስፌት፦ በእግር የሚረገጠው መኪና አንድ ጤነኛ እግር ባለው ሰው ይሠራል፤ ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ እግር መርገጥ ወገብ ይሰብራል፤ ሰው ሠራሹ እግር ደግሞ መርገጫውን አይሰማውም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይግጠሙለት፤ መቆጣጠሪያው በጤነኛው እግር በኩል ይቀመጥ። ሁለቱንም እግሩን ላጣ ሰው ያው መቆጣጠሪያ በጣውላ ላይ ታስሮ በጭኑ ወይም በክርኑ ሊጫን ይችላል። የመርገጫውን ቀበቶ አያውልቁት፤ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ የተጀመረውን ይጨርስበታል። ገበያውን በተመለከተ፣ አዲስ ልብስ ሰፊ ከነባሮቹ ጋር በሱሪና በቀሚስ መወዳደር ይከብደዋል፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል አንሶላ፣ የሆቴል መጋረጃ ትእዛዝ አስቀድመው ይፈልጉለት።

ሞባይል ጥገና፦ ሁለት እጅና ጥሩ የቅርብ ዕይታ ይፈልጋል። አንድ እጅ ላለው የሰርኪት ቦርድ መያዣ ማሰሪያ ጠረጴዛው ላይ ይቸንከር። የማስታወስ ችግር ላለበት ሠልጣኝ ብሎኖቹ የሚደረደሩበት ቁጥር የተጻፈበት ሳጥን ይኑር፤ ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቀዳዳ ማስገባት ቦርዱን ይበሳል፤ በአንድ ብሎን የደንበኛው ስልክ ይሞታል። ከተማው ውስጥ ስንት ጥገና ቤት እንዳለ ቆጥረው ብቻ ይወስኑ።

ዶሮ፦ ይህኛው በወረቀት ቀላል ይመስላል። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ መቶ ዶሮ 12 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ስምንት ቀን ብቻ ይቆያል። ውኃ በቀን 25 ሊትር ያህል ይጠጣሉ። ሁለት ክራንች የያዘ ሰው ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በምን እጁ ይይዛል? ኩንታሉንስ ማን ያወርድለታል? ስለዚህ ቧንቧ ወይም ከፍ ብሎ የተቀመጠ በርሜል ከቱቦ ጋር፣ መኖ በ25 ኪሎ ከረጢት፣ የማይጨቀይ ወለል፣ አብሮት የሚሠራ የቤተሰብ አባል ያስፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ ዶሮ አይስጡት። ሚስቱ ወይም እህቱ አብረው የሚሠሩ ከሆነ እነሱም ኮርሱን ይከታተሉ፤ ብዙ ጊዜ ግማሹን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ባጃጅ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ነዳጁ፣ ፍሪሲዮኑና ማርሹ በእጅ ናቸው፤ ፍሬኑ ግን በቀኝ እግር ነው። ግራ እግሩን ላጣ ሰው አመቺ ነው፤ ቀኙን ላጣ ግን ፍሬኑ በሚታመን ባለሙያ መዛወር አለበት። ሥልጠናውን ከመክፈልዎ በፊት የመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ለዚያ ሰው ፈቃድ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ቅጥርን አይርሱት፤ ሁሉም ሰው ነጋዴ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ለሥራው ብቁ ሆኖ በውድድር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጣ አካል ጉዳተኛም ቅድሚያ እንዲሰጠው ይላል። ሆኖም አዋጁን ይዘው ቢሮ ሲገቡ አሠሪው ይደነግጣል። አንድ ሰው፣ አንድ የተወሰነ ቦታ፣ የሚያስፈልገውን ማስተካከያና ዋጋውን ጽፈው ይግቡ፦ «ይህ ሰው ንብረት ክፍል መዝገብ ይይዛል፤ የሚያስፈልገው በደረጃው ላይ 1.80 ሜትር ራምፕ ብቻ ነው፤ ኮሌጁ ይሠራዋል።» አሠሪው እንዲህ ሲቀርብለት ይሰማል። ከዚያ ኮሌጁና አሠሪው አብረው የሚሰጡት የትብብር ሥልጠና አብዛኛው ጊዜ እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሁን።

ጡረታ ወይም የአካል ጉዳት አበል የሚቀበል ሰው «ከሠራሁ ይቋረጥብኛል» ብሎ ይፈራል፤ በዚህ ፍርሃት ብቻ የተመዘገበበትን ሥራ የሚተው አለ። ከሥልጠናው በፊት የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ጠይቀው መልሱን ለራሱ ይስጡት።

መነሻ ዕቃውን በምረቃ ቀን አያስረክቡ። መቀስ፣ ሜትር፣ ካውያ፣ የእጅ መሣሪያው በሥልጠናው መጀመሪያ ይሰጥ፤ ሰው በለመደው መሣሪያ ይሠራል። ትልቁ ዕቃ የሚመጣው የሥራ ቦታው ከተገኘና ከታየ በኋላ ነው። ከሁለት የስፌት መኪና ይልቅ አንድ መኪና፣ የስድስት ወር ኪራይና ለክርና ለጨርቅ የሚሆን መንቀሳቀሻ ገንዘብ ይሻላል። ብድሩ በቡድን ዋስትና ከሆነ አምስት አካል ጉዳተኞችን ብቻ በአንድ ማኅበር አያድርጓቸው፤ አንዱ ሲታመም አምስቱም ዕዳ ውስጥ ይገባሉ።

የመጨረሻው፣ በጀት የሚቆረጥበት ግን መሆን የሌለበት ክትትሉ ነው። አንድ የክትትል ሠራተኛ ከሃያ ሰው በላይ አይያዝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እስከ ሦስተኛው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በየወሩ በሥራው ቦታ ተገኝቶ ይጎብኝ፤ ስልክ አይተካውም፣ በስልክ ሁሉም «ደህና ነኝ» ይላልና። ከተቻለ ይህን ሥራ ራሱ ጉዳተኛ የሆነና ሥራውን ያቀና የቀድሞ ወታደር ይያዘው፤ ለሌላ የማይነግሩትን ለእሱ ይነግሩታል። ሴት ተዋጊዎች ካሉ ሴት የክትትል ሠራተኛ ትመደብ፤ የልጅ መጠበቂያም በክፍሉ አጠገብ ይኑር።

ሪፖርትዎም ይቀየር። «ሠላሳ ሰው ሠለጠነ» የሚለውን መስመር ይተዉትና ለእያንዳንዱ ሰው በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ሥራ ላይ መሆኑን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ያለፈው ወር ገቢውን፣ ቁስል ወይም የተበላሸ ሰው ሠራሽ እግር እንዳለበት ይመዝግቡ። ካቆመ ምክንያቱን በራሱ ቃል ይጻፉ። ይህን ቅጽ ዛሬውኑ ባለፈው ዙር በሠለጠኑት ይጀምሩት፤ ከመካከላቸው አዲስ ኮርስ የማያስፈልገው፣ ሞተር ወይም የተስተካከለ ሶኬት ወይም የሦስት ወር ኪራይ ብቻ የጎደለው ሰው ይኖራል፤ የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ገንዘብ ለእሱ ይውጣ።